የምንትዋብ ፀሐይ

በ2083 ዓ.ም. ከደሴ በላይ፣ ጦሳ ተራራ ላይ ያለው የፀሐይ ትንበያ ጣቢያ በቀን ሦስት ጊዜ ማስታወቂያ ያወጣ ነበር። የጠዋቱ ከዜና ቀጥሎ ይነበባል። እሱ ሲነበብ ሻይ ቤት ውስጥ ስኳር የሚያማስል ሰው እንኳ ማንኪያውን ያቆማል። በዚያ ዘመን በወሎ ከሦስት ቤት አንዱ "ላይ" የሄደች ልጅ ነበረችው።

"ላይ" ማለት ማሳው ነው። በጠፈር ምድርን እየዞረ የፀሐይን ብርሃን የሚሰበስበው የኮምቦልቻን ከተማ የሚያህል ሰሌዳ ማሳ ይባል ነበር። ቅድመ አያቶቻቸው ዐረብ አገር ይሄዱ እንደነበረው የዘመኑ ወጣት ሴቶች በሁለት ዓመት ኮንትራት ወደ ማሳው ይወጡና የተሰበረውን እየነቀሉ፣ አዲሱን እየገጠሙ ይቆያሉ። በማሳው መሀል ጨረር የማያሳልፍ ወፍራም ክፍል አለ። ስሙ በውሉ ላይ ረጅም ነው፤ ልጆቹ ግን "ጓዳ" ይሉታል። ፀሐይ ስትቆጣ ከጦሳ "ጓዳ ግቡ" የሚል ትእዛዝ ይደርሳቸዋል። ሁሉም በእጃቸው አምባር ያስራሉ፤ አምባሩ አንድ ሰው በዕድሜው ሊቀበል የሚችለውን ጨረር ይቆጥራል። አምባሯ የቀላ "መጠኗ ሞላ" ትባላለች፤ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፣ ዳግመኛ አትወጣም።

የጓዳውን ትእዛዝ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የፈረመችው አስካለ ደምሴ ናት። ጣቢያው ሲከፈት ኮምፒውተሩ ውስጥ ፀሐይ አልነበረችም፤ ያስገባቻት እሷ ነች። ነጠብጣቦቿን፣ ነበልባሏን፣ ከውስጧ የሚወጣውን ነፋስ ሁሉ በስሌት አስቀምጣ እንደ እውነተኛዋ እንድትኖር አደረገቻት። የጣቢያው ሠራተኞች "የአስካለ ፀሐይ" ይሏታል። የአስካለ ፀሐይ ከእውነተኛዋ ሁለት ሦስት ቀን ቀድማ ትሄዳለች፤ እሷ ዛሬ ያደረገችውን እውነተኛዋ ከነገ ወዲያ ታደርገዋለች። አስካለ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፤ አላገባችም። ሰዎች ለምን ሲሏት "ፀሐይ መቼ ጊዜ ሰጠችኝ" ትላለች።

ምንትዋብ ወደ ጣቢያው ስትመጣ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ከአርባ አመልካቾች መሀል የመረጠቻት አስካለ ናት፤ ያስተማረቻትም እሷው። በስድስተኛው ዓመት ምንትዋብ የራሷን ፀሐይ ሠራች። ልዩነቱን ለመናገር ብዙ ቃል አያስፈልግም። የአስካለ ፀሐይ ወደ ምድር የዞረውን ፊቷን ብቻ ታውቃለች፤ የምንትዋብ ፀሐይ ጀርባም አላት።

ከዚያ በኋላ የአስካለ ቀን ተለወጠ። ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ትገባና የራሷን ውጤት ሳታይ የምንትዋብን ትከፍታለች። የምትፈልገው ስህተት ነው። አብዛኛውን ጊዜ አታገኝም። ጥቅምት ላይ አንድ ቀን አገኘች፤ የምንትዋብ ፀሐይ ባልመጣ ማዕበል ሴቶቹን ስድስት ሰዓት ሙሉ ጓዳ ውስጥ አስቀምጣቸው ነበር። ያን ቀን አስካለ ቁርሷ ጣማት። ወዲያው አፈረች። በማግስቱ ግን እንደገና ፈለገች።

በገበያም እንዲሁ ነው። ቲማቲም የምትሸጥላት ሴትዮ ልጇ ላይ ናት። ለዓመታት አስካለን ባየች ቁጥር "ዛሬ ልጄ ከጓዳ ትወጣለች?" ትላት ነበር። አሁን "ምንትዋብ ምን አለች?" ትላለች። አስካለ "ደህና ነው አለች" ብላ ቲማቲሙን ሳትመርጥ ይዛ ትሄዳለች።

ከዚያ ቀደም፣ መስከረም ላይ፣ ከማሳው ስጦታ መጥቶ ነበር። ከአሮጌ ሰሌዳ ላይ የተላጠ ብርማ ስስ ጨርቅ ነው፤ ጠርዙ ላይ "ለምንትዋብ" የሚል ስም በእጅ ተሰፍቶበታል። ምንትዋብ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋው አንድ ቀን ዋለችና ከዚያ ወንበሯ ላይ ሰቀለችው። አስካለ ማንም በሌለበት ሄዳ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለእሷ የመጣ ነገር አልነበረም።

ኅዳር መግቢያ ላይ ለማንም ያልነገረችውን አንድ ነገር አደረገች። ምንትዋብ የምትጠቀምበትን የጀርባውን መረጃ ገልብጣ ለራሷ ፀሐይ ሰጠቻት። ውጤቱን "ልዩ ልዩ" የሚል ስም ባወጣችለት ማኅደር ውስጥ አስቀመጠች። የአስካለ ፀሐይ ጀርባ ሲኖራት እጅግ ተሻለች። ይህን መናገር ማለት ግን ምንትዋብ ልክ ናት ማለት ነው፤ አስካለ ዝም አለች። ዝም ብላም በየጠዋቱ በስውር ታስኬዳት ጀመር።

ኅዳር አሥራ አራት ቀን ሐሙስ ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ምንትዋብ ከወንበሯ ዞር አለች። ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ ሌላ ሁለት ተረኛ ቴክኒሻኖች ነበሩ።

"እትዬ አስካለ፣ የኔዋ ሰባ አንድ በመቶ አለች።"

"በየትኛው ነጠብጣብ?"

"በማይታየው። ባለፈው ሳምንት በምዕራብ ጠርዝ የዞረው። ከጀርባ ሆኖ ይፈነዳል ነው የምትለው፤ ምናልባት ሰዓት አይሞላም።"

"የኔዋ ስምንት ነው የምትለው።"

"አውቃለሁ። ግን የእርስዎ ፀሐይ ጀርባ የላትም።"

ምንትዋብ ይህን ያለችው ያለ ክፋት ነው፤ ዛሬ ሐሙስ ነው እንደሚል ሰው። ከቴክኒሻኖቹ አንዱ አንገቱን ደፋ። ለአስካለ የሳቀ መሰላት።

በሕጉ መሠረት ሁለቱ ፀሐዮች ካልተስማሙ የተረኛው ኃላፊ ቃል ይወስናል፤ ለመወሰንም አንድ ሰዓት አለው። ተረኛዋ ኃላፊ አስካለ ናት።

"ይደገም" አለች።

"መድገም ሃያ ደቂቃ ይፈጃል እኮ። አሥራ አራት ሰው ውጭ ነው ያለው፤ እነሱም ምሥራቁ ዳር ናቸው። ከዚያ እስከ ጓዳ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ያስኬዳል።"

"በጥቅምት ስድስት ሰዓት ሙሉ በከንቱ የዘጋሽባቸውም እነሱኑ ነው። ይደገም አልኩሽ።"

ምንትዋብ ፊቷ ቀላ፤ ዞራ መሥራት ጀመረች። አስካለ ወደ ራሷ ጠረጴዛ ሄዳ "ልዩ ልዩ" የሚለውን ማኅደር ከፈተች። የዚያን ጠዋት ውጤት አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ አይታው ነበር፤ አሁንም እዚያው ነው። ስልሳ ስድስት። ጀርባ ያላት የአስካለ ፀሐይ ከምንትዋብ ፀሐይ ጋር ተስማምታለች። አስካለ ቁጥሩን አየችው፤ ዘጋችው። ላለመፈንዳቱ የቀረው ሠላሳ አራትም ቀላል አይደለም ብላ አሰበች። ይህችን ልጅ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ሰው ፊት ስትሳሳት ባየኋት ብላም አሰበች። ይህንን ሁለተኛውን ሐሳብ በኋላ አልካደችውም።

"ሰባ አራት" አለች ምንትዋብ ሃያው ደቂቃ ሲያልቅ። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። "እትዬ፣ እባክዎ ይፈርሙ።"

"መነሻውን ቀይሪና አንድ ጊዜ ሞክሪው።"

"ምኑን ነው የምቀይረው?"

"እሱን እኔ ልንገርሽ?"

ምንትዋብ ቆመች። ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ግን ያስተማረቻት ሴት ናትና መልሳ ተቀመጠች። መነሻውን ቀይራ ማስኬድ ጀመረች። ስሌቱ ሳያልቅ አንደኛው ቴክኒሻን "የጨረር መቁጠሪያው ተነሳ!" አለ። አራት ሰዓት ከሃምሳ ስድስት ነበር። አስካለ ተሯሩጣ ፈረመች። ትእዛዙ እንደ ወትሮው በስሟ ወጣ፦ "ጓዳ ግቡ። አስካለ ደምሴ፣ ጦሳ።"

ማንም አልሞተም። አሥራ አንዱ ሴቶች አምባራቸው ቢጫ ሆኖ ገቡ። ዳር ላይ የነበሩት ሦስቱ ግን አንዷ ማያያዣ ገመዷ ተቆልፎባት ሁለቱ ሲያላቅቋት ዘገዩ። እነሱ ጓዳው በር ላይ ሲደርሱ አምባራቸው ቀልቶ ነበር። ከሦስቱ አንዷ ሙኒራ ትባላለች፤ የሐርቡ ልጅ፣ ሃያ ሦስት ዓመቷ። ላይ ከወጣች ገና ሦስት ወሯ ነበር። አስታወከች፣ ፀጉሯ ረገፈ፤ በሁለት ሳምንቷ ወደ ምድር መለሷት።

ታኅሣሥ ላይ ሦስት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴ ወደ ጦሳ መጣ። ለአራት ሰዓት ያህል ተቀመጠ። ያየው የጣቢያውን መዝገብ ነው፤ መዝገቡ ውስጥ ሰባ አንድ፣ ስምንትና ሰባ አራት አሉ። ስለ ስልሳ ስድስት የጠየቀ የለም፤ መኖሩን የሚያውቅ አልነበረማ። ምንትዋብ ተጠርታ "የኃላፊዋ መዘግየት ተገቢ ነበር ይላሉ?" ተባለች። ወደ አስካለ ሳታይ "እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን አስደግም ነበር" አለች።

ውሸት ነው። አስካለ ውሸት መሆኑን አወቀች። እስከዚያ ቀን በምንትዋብ ሥራ ነበር የምትቀናው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በደግነቷም ቀናች።

የኮሚቴው ውሳኔ ሁለት መስመር ነበር። "ወይዘሪት አስካለ ደምሴ በሕግ ከተፈቀደላቸው አንድ ሰዓት ውስጥ የተጠቀሙት አርባ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው። ጥፋት አልተገኘም።" የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ አቶ ልሳነወርቅ እጇን ጨብጦ "እንኳን ተገላገልሽ" አላት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ "ልዩ ልዩ" የሚለውን ማኅደር ልትደመስሰው ከፈተችው። ኮምፒውተሩ እርግጠኛ መሆኗን ጠየቃት። መልስ ሳትሰጥ ተነሣችና ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ቅዳሜ ወደ ሐርቡ ሄደች።

የሙኒራ ቤት ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ነው፤ ግቢው ውስጥ ማንጎ አለ። እናቷ ወይዘሮ መዲና በሩን ከፍተው እንግዳዋ ማን እንደሆነች ሲሰሙ ሁለት እጇን ያዙና ሳሙት።

"ኧረ ይግቡ! ኧረ ልጄን ያተረፉልኝ! ሙኒራ፣ ነይ እዪ ማን እንደመጣ፤ አስካለ ናቸው፣ የጦሳዋ!"

ሙኒራ ማንጎው ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳዋለች። አምባሩ እጇ ላይ ነው፤ ቀልቷል። ልትነሣ ስትሞክር አስካለ ቀድማ አጠገቧ ተቀመጠች።

"ስምዎን ነው ያየሁት" አለች ሙኒራ። "የራስ ቁሬ መስታወት ላይ ሲመጣ። ጓዳ ግቡ፣ አስካለ ደምሴ። አሥር ደቂቃ ቢዘገዩ አንተርፍም ነበር ብለውናል። አላህ ይስጥልኝ።"

ወይዘሮ መዲና ማንጎ ቆርጠው በሳህን አቀረቡ። አስካለ አልነካችውም።

"እትዬ መዲና፣ ይቀመጡ" አለች። "ሁለታችሁም ስሙኝ።"

ነገረቻቸው። ሰባ አንዱን ነገረቻቸው፣ ስልሳ ስድስቱን ነገረቻቸው፣ ይደገም ማለቷን ነገረቻቸው። ቃላቷ አጫጭር ነበሩ፤ ማስታወቂያ የምታነብ ይመስል ነበር። ወይዘሮ መዲና መጀመሪያ የገባቸው አልመሰሉም፤ ኋላ የሳሙበትን አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ቀሩ።

ሙኒራ "ስንት ደቂቃ ነው ያቆዩት?" አለች።

"አርባ አንድ።"

"እኛ ጓዳ ለመድረስ ሠላሳ አምስት ነው የሚፈጅብን።"

"አዎ።"

"እንግዲያ የዚያን ጊዜ ቢነግሩን ገብተን፣ በሩን ዘግተን፣ ተቀምጠን ነበር።"

"አዎ፣ ሙኒራ።"

ሙኒራ አምባሯን አሽከረከረችው። "እኔ እኮ የገመድ አለቃ ልሆን ነበር። ሦስት ወር ብቻ ቆይቼ አለቃዬ አንቺ ትሆኛለሽ ብላኝ ነበር።" ከዚያ ቀና ብላ አየቻት። "ለምን? ምን አድርገናችሁ?"

"እናንተ ምንም። በልጅቱ ቀንቼ ነው፤ በምንትዋብ።"

"በእሷ ቀንተው ነው እኔን?"

ከመንገዱ የአውቶቡስ ጥሩምባ ተሰማ። ወይዘሮ መዲና ተነሥተው ሳህኑን አነሡና ወደ ቤት ገቡ፤ በሩን መለስ አደረጉት።

"እሷ ታውቃለች?" አለች ሙኒራ።

"አታውቅም።"

"ይሂዱና ይንገሯት። ለእኔ ነግረውኝ ቀለል ብሎዎት እንዳይሄዱ። እኔ ይቅር ልበል አልበል አላውቅም፤ ዛሬ ግን አልልም።"

ሰኞ ጠዋት አስካለ ምንትዋብን ጠረጴዛዋ ድረስ ጠራቻትና ማኅደሩን ከፈተችላት። ምንትዋብ ቆማ አነበበች።

"ስልሳ ስድስት" አለች። "የእርስዎዋ ናት? ጀርባውን ሰጥተዋት?" ለአንድ አፍታ ፊቷ በራ፤ ሥራው ገብቷት ነው። "ይሄ እኮ የኔን ይደግፋል። ሁለቱ ቢጣመሩ…" ከዚያ ሰዓቱን አየች። "አንድ ሰዓት ከአሥር። የየትኛው ቀን ነው?"

"የሐሙሱ።"

"ስንጨቃጨቅ ይሄ እጅዎ ላይ ነበር?"

"ነበር።"

ምንትዋብ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

"ኮሚቴው ፊት ዋሽቼልዎታለሁ።"

"አውቃለሁ።"

"ሰባ አራት ስልዎት እጄ ሲንቀጠቀጥ አይተው ነበር?"

"አይቻለሁ።"

"ደስ አለዎት?"

አስካለ ልትዋሽ ትችል ነበር። "ትንሽ" አለች።

ምንትዋብ ተነሣች። ወንበሯ ላይ የተሰቀለውን ብርማ ጨርቅ አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሳትሰናበት ወጣች።

አስካለ ማኅደሩን ራሷ ለኮሚቴው ላከችው። ጉዳዩ እንደገና ተከፈተ፤ አንድ ቅጽም እንድትሞላ ተሰጣት። "የመዘግየቱ ምክንያት" የሚል ጥያቄ ነበረበት። ሥሩ የመሣሪያ ብልሽት፣ የመረጃ እጥረት፣ የሥልጠና ጉድለትና "ሌላ" ተዘርዝረዋል። "ሌላ" ከሚለው አጠገብ "ቅናት" ብላ ጻፈች። ቅጹን የተቀበለው ጸሐፊ አንብቦት መለሰላት።

"እናቴ፣ እንዲህ ዓይነት ምክንያት የለም። የውሳኔ መጓተት ልበለው?"

"አትበለው። እንዳለ አስገባው።"

ወጣቱ ግራ ገባው፤ አለቃውን ጠይቆ አስገባው። በመጋቢት ፈቃዷ ተሰረዘ። ሕጉም ተለወጠ፤ ከሁለቱ ፀሐዮች አንዷ እንኳ ብታስጠነቅቅ ትእዛዙ ያለ ማንም ፊርማ ይወጣል ተባለ። ከዚያ ወዲህ ማሳው ላይ ያሉት ሴቶች መስታወታቸው ላይ የሰው ስም አያዩም። ሙኒራ ኮምቦልቻ በሚገኘው ማሠልጠኛ ለሚወጡት ልጆች የገመድ አያያዝ ታስተምራለች ሲባል አስካለ ሰማች። ከእሷ ግን ደብዳቤም ስልክም አልመጣም፤ አስካለም አልጠበቀችም።

አስካለ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ ዋለች። የጠዋቱን ማስታወቂያ ትሰማለች። ገበያ ስትሄድ ቲማቲም ሻጯ ታያታለች፤ ዋጋ ትነግራታለች እንጂ አትጠይቃትም።

ግንቦት ላይ ስልኳ ጠራ። ምንትዋብ ናት። ሰላምታ አልሰጠችም።

"ሁለቱን አጣምሬያቸዋለሁ" አለች። "ግን የእርስዎዋ ጠርዙ ላይ ስትደርስ ትንገዳገዳለች። ሁለት ወር ሞከርኩ፤ አልገባኝም። ለምን እንደሆነ ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ።"

"ነገ ጠዋት ይምጡ።"

አስካለ በማግስቱ ጦሳ ወጣች። በር ላይ የእንግዳ ወረቀት ደረቷ ላይ ለጠፉላት። ምንትዋብ በአስካለ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ትልቁ ስክሪን ላይ አንዲት ፀሐይ ቀስ ብላ ትዞራለች፤ ፊትም ጀርባም አላት። ያማረች ነበረች። አስካለ ስታያት ያ የምታውቀው ቅናት እንደ ድሮው መጣባት። አልለቀቃትም ነበር። ጠርዙ ላይ የሚያንገዳግዳት በመጀመሪያው ዓመት ለጊዜው ብላ ያስገባቻት፣ የትም ያልጻፈቻት አንዲት ትንሽ ማስተካከያ ናት፤ ከእሷ በቀር የሚያውቃት ሰው የለም። ግማሹን ነግራ ግማሹን ብታስቀር ማንም አያውቅባትም።

"ከየት እንጀምር?" አለች ምንትዋብ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ።

አስካለ አጠገቧ ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠች። እንደቀናች፣ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ፣ የምታውቀውን ሁሉ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት።